ከኬሚስትሪ አጠገብ የጻፍኩት ፊደል

ሆልትባይ፣ እሑድ ፌብሯሪ 1

ውድ ታምሲን፣

«ስለ እያንዳንዱ ልጅ ከልባችን የምናምነውን እንጻፍ፤ ሌላ ምንም አይጠበቅብንም።»

ይህን ያለችው የክፍላችሁ ኃላፊ ወይዘሮ ጋርሳይድ ናት። ለእኔ አልነበረም ያለችው። እኔ የመምህራን ክፍሉ ጥግ ቆሜ ውሃው እስኪፈላ እየጠበቅኩ ነበር፤ እሷ ደግሞ የእናንተን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ስም ዝርዝር ይዛ ከፊዚክሱ ክላይቭ ጋር ታወራለች። ወደዚህ አገር፣ ወደ እንግሊዝ፣ በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አየርላንድ ውስጥ፣ ሮስኮመን፣ ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ የባለቤቴ እናት ስለታመሙ ነበር ባሕር ተሻግረን የመጣነው። ያንን ስሰማ «እንዴት ያለ ጨዋ አገር ነው» አልኩ በልቤ፤ ሻዬንም ይዤ ወጣሁ። አመንኳት። እነሆ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ፣ ያን ቀን ውሃው ትንሽ ፈጥኖ ቢፈላ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

በስልክ የላክሁልሽን ስድስት መልእክት አልመለስሽም። የአባትሽንም ካልመለስሽ የእኔን እንደማትመልሺ ይገባኛል። ለዚህ ነው በወረቀት የጻፍኩት። ወረቀት ሰው ባያነበው እንኳ እሳት ለማያያዝ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ እናንተ ጋ ኒውዚላንድ አሁን በጋ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ እንግዲህ ለእሳትም አይሆንሽም፤ አንብቢው።

አንድ ቀን የላብራቶሪውን ብልቃጥ እያጠብሽ «እናንተ አገር መምህሩ ለዩኒቨርሲቲ ምንድን ነው የሚጽፈው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። «ምንም» አልኩሽ። «ምንም?» ብለሽ ሳቅሽ፤ የቀለድኩ መስሎሽ ነበር። አልቀለድኩም። እኛ ጋ ልጁ ሰባት ትምህርት ይፈተናል፤ ጥሩ ያመጣባቸው ስድስቱ ወደ ነጥብ ይለወጣሉ፤ ነጥቡ ከደረሰ ይገባል፣ ካልደረሰ አይገባም። ወረቀቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። የሚያርመው ሰው ልጁ ቅዱስ ይሁን ሌባ አያውቅም። ሁለት ልጆች እኩል ነጥብ አምጥተው አንድ ቦታ ብቻ የቀረ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ዕጣ ያወጣል። ጨካኝ ነገር ነው። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እኔና ተማሪዎቼ በአንድ ወገን ነበርን፤ ጠላታችን ፈተናው ነበር። እዚህ ስመጣ ማንም ሳይነግረኝ ጠረጴዛውን ዞሬ ማዶ ተቀመጥኩ።

እዚህ ደግሞ፣ አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ፣ ልጁ ሦስት ትምህርት ብቻ ይዞ ሁለት ዓመት ይቆፍራል። ፈተናው በጁን ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ስምንት ወር ቀድሞ፣ በኦክቶበር ይጠይቃል። ስለዚህ ልጁ ገና ያልተፈተነውን ፈተና ውጤት መምህሩ ይተነብያል። ድሮ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሞራ ገላጮች ነበሩ፤ ለእኛ በሞራው ፋንታ የቤት ሥራ ደብተር ተሰጠን።

የአንቺን ደብተር አየሁ። ጣቶችሽ የነኩት ቦታ ሁሉ ቢጫ ነበር፤ በአዲስ ግልገል እትብት ላይ የሚቀባው አዮዲን። በጎቹ በሚወልዱበት ሰሞን ሦስት ፈተና አምልጦሻል። በአራተኛው ላይ ስሌቱን በትክክል ጀምረሽ መጨረሻው ላይ በዐሥር እጥፍ ተሳሳትሽ። በሌላ በኩል ደግሞ አዮዲን ብልቃጥ ውስጥ ጨምሬ ባሳየሁሽ ቁጥር ቀለሙን አይተሽ ብቻ ምን ያህል እንደቀጠነ ትነግሪኝ ነበር፤ መሣሪያው ከአንቺ በኋላ ነበር የሚደርስበት። የትኛውን ልጻፍ? በዚያ በኦክቶበር ሳምንት የነበርሽውን ጻፍኩ። ቢ።

ክላይቭ ዝርዝሬን በትከሻዬ አሻግሮ አየውና ብስኩቱን ከአፉ አወጣ።

«ወዳጄ፣ ይህች ልጅ ምን አድርጋህ ነው?»

«ምንም። ጎበዝ ልጅ ናት።»

«ታዲያ ቢ ምንድን ነው? የእንስሳት ሕክምና እኮ ነው የምታመለክተው። ከሦስት ኤ በታች ፊቷን አያዩአትም።»

«አሁን ያለችበት ቢ ነው።»

«አሁን ያለችበትን ማን ጠየቀህ?» አለኝ። «ስማኝ ፊንታን፣ ሁላችንም አንድ ከፍ አድርገን እንጽፋለን። እነሱም ሁላችንም አንድ ከፍ እንደምናደርግ ስለሚያውቁ አንድ ዝቅ አድርገው ያነቡታል። ሂሳቡ እዚያው ይወራረዳል። አንተ እውነቱን ስትጽፍ ሲ ነው የሚያነቡት። ልጅቷን በሐቀኝነት ገደልካት ማለት ነው።»

«ወይዘሮ ጋርሳይድ ግን ከልባችሁ የምታምኑትን ጻፉ ብላለች።»

ክላይቭ «አይ አየርላንድ» ብሎ ብስኩቱን ጨረሰ።

በነጋታው ወይዘሮ ጋርሳይድ ቢሮዋ ጠራችኝ። ወንበር ሰጠችኝ፣ ስለ አማቴ ጤና ጠየቀችኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ «ፊንታን፣ የታምሲን ፔልን ነገር ምናልባት ደግመህ ብታየው ደስ ይልህ ይሆን እንዴ?» አለች። ደግሜ አየሁት። ሁለት ቀን ሙሉ። ተመልሼ «አየሁት፣ ቢ ነው» አልኳት። «በጣም ጥሩ» አለች። «እንግዲህ ለእኔ ተወው፣ አትጨነቅበት።» ተውኩላት፤ አልተጨነቅኩም። አሁን እንደተረዳሁት በዚህ አገር «በጣም ጥሩ» ማለት ጥሩ አይደለም ማለት ነው፤ «ደስ ይልህ ይሆን እንዴ» ደግሞ ትእዛዝ ነው። ይህን የሚያስተምር ኮርስ የለም፤ ቢኖር ኖሮ እኔ በዲ ነበር የማልፈው።

ለአንቺም ራሴ ነገርኩሽ። ከጀርባሽ እንዳይሆን ብዬ። «ቢ ነው የጻፍኩት» ስልሽ መነጽርሽን እንኳ ከዐይንሽ አላወረድሽም፤ በፕላስቲኩ ውስጥ ነው ያየሽኝ።

«መምህር፣ እኔ የማልችል ይመስልዎታል ማለት ነው?»

«እሱን አላልኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያሉት?»

አልመለስኩልሽም። ደወሉ ተደወለ፤ ደወል ሲደወል ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ያለውን አንቺ ኖረሽዋል። አራት ቦታ አመለከትሽ። የመጀመሪያው እምቢታ በኖቬምበር መጣ፤ ሁለተኛው ከገና በፊት፤ ሦስተኛው በጃንዋሪ። በዚያው ሳምንት የወላጆች ቀን ነበር። አባትሽ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ለልጅ በተሠራች ወንበር ላይ እፊቴ ተቀመጠ። የቀሩት ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ያወሩኛል፤ እሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው።

«ቢውን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ደህና» አለ። ቆቡን አድርጎ ሄደ። ከኋላው የቆሙት ሴትዮ ተራቸው ቶሎ በመድረሱ ደስ አላቸው።

አራተኛው እምቢታ በማርች፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በእኔ ክፍለ ጊዜ ደረሰሽ። ስልክሽን አየሽ፣ ኪስሽ ከተትሽው። የጀመርሽውን ሥራ ጨረስሽ። ብልቃጦችሽን አጠብሽ፣ አደረቅሽ፣ በቁመታቸው ደረደርሽ፤ ሌላ ጊዜ እንደዚያ አድርገሽ አታውቂም። መነጽርሽን መስቀያው ላይ ሰቅለሽ ወጣሽ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስም ስጠራ ልጆቹ «ኒውዚላንድ፣ አጎቷ ጋ» አሉኝ። ሦስት ወር ቀርቶት ነበር ፈተናው። መዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ፤ እስከ ጁን ድረስ ስምሽ አጠገብ ይህችኑ ቃል ጻፍኩ፤ ማንም አቁም አላለኝም።

አሁን ልነግርሽ ወደፈለግኩት መጣሁ።

አንቺ ከሄድሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የአባትሽን ላንድሮቨር መኪና ያየሁት። ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሞተሩ ጠፍቶ። አባትሽ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ በሩን ያያል። ደወል ሲደወል ተነሥቶ ይሄዳል። በማግስቱም። በሚቀጥለው ሳምንትም። ልጆቹ ለመዱት፤ መምህራኑ ግን አልለመዱትም። ክላይቭ «አንተን ነው የሚጠብቅህ» አለኝ፣ እየሳቀ፤ ቀጥሎ ሳይስቅ «በኋላ በር ብትገባስ?» አለኝ። ገባሁ። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ፣ ከዚያም ከሴፕቴምበር እስከ ገና፣ በቆሻሻ ገንዳዎቹ በኩል እየገባሁ አስተማርኩ። በፎቁ መስኮት ሳየው እሱም ቀና ብሎ ያየኝ ይመስለኛል። እንደምታውቂው አባትሽ ዐይኑን ሳያርገበግብ በግ የሚገዛ ሰው ነው።

ባለፈው ወር በረዶ የጣለ ቀን የኋላው በር ተዘጋ። ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ሄጄ መስኮቱን አንኳኳሁ። መስኮቱን አላወረደም፤ በሩን ከፈተልኝ። ገባሁ። የበግ ጠጉርና የናፍጣ ሽታ ነበር፣ አንቺም የምትሸቺው እሱን ነበር።

«ሚስተር ፔል፣ የምትፈልገኝ ከሆነ ይኸው መጣሁ» አልኩት።

«አንተን?» አለ። ከልቡ ገረመው። «አንተን ምን ላድርግህ ብዬ?»

«ታዲያ ለምንድን ነው በየቀኑ እዚህ የምትቆመው?»

በአገጩ በሩን አሳየኝ። «እሷን የማደርስበት ሰዓት ነው» አለ። «ሰባት ዓመት አደረስኳት። ሰዓቱ ሲደርስ እጄ ራሱ ቁልፉን ያነሣል። ከዚያ የት ልሂድ?»

ሁለታችንም በሩን አየን።

ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የላክሽለትን መልእክት ከስልኩ ላይ እየገለበጠ ይጽፈዋል፤ ስልኩ እንዳያጠፋበት ፈርቶ ነው። አነበበልኝ። በኤፕሪል ስለ አጎትሽ ውሾች ስምንት መስመር ጽፈሻል። በጁላይ ሦስት መስመር። በኦክቶበር «ደህና ነኝ»። በዲሴምበር «አትጠብቁኝ»። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ባዶ ነው፣ እሱ ግን ለሚመጣው ብሎ መስመር አስምሮበታል።

ከዚያ አጣጥፎ መለሰውና «ስማ መምህር፣ መምህሩን የማይጠይቁበት አገር አለ?» አለኝ።

ታምሲን፣ ክረምቱን ሙሉ ያነበብኩት የዚህን ጥያቄ መልስ ነው። ሰው በጥፋተኝነት መጠጥ ይጠጣል፤ እኔ የመግቢያ መመሪያ ሳነብ ነው የከረምኩት። «አለ» አልኩት።

«የት?»

«እኛ ጋ። ነጥቧን ብቻ ነው የሚያዩት።»

«ሌላስ?»

«ስኮትላንድ በአንድ ዓመት አምስት ትምህርት ይፈተኑና ገና በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ይገባሉ። ግን እነሱም መምህሩን ይጠይቃሉ።»

«ተዋቸው። አሜሪካ?»

«እዚያ ልጅቷ መጀመሪያ ስለ ሕይወቷ ድርሰት ትጽፋለች። ከዚያ አራት ዓመት የፈለገችውን ትማራለች። ከዚያ ሌላ አራት ዓመት ስለ እንስሳት።»

«ስምንት ዓመት?» አለ። «በጉ እስከዚያ ምን እያለ ይጠብቃት?»

«አውስትራሊያ ደግሞ ከመቶ ልጅ ስንቱን እንደበለጠች የሚናገር ቁጥር ይሰጣሉ።»

«እሱን አውቀዋለሁ» አለ። «የአውራ በግ ጨረታ ላይ እንደዚያው ነው የምናደርገው።»

«ኒውዚላንድ መጀመሪያ ያስገቡና ግማሽ ዓመት አስተምረው ነው የሚያጣሩት።»

ወደ እኔ ዞረ። «ያለችበት?»

«ያለችበት። ግን የትም ብትሄድ፣ ከዚህ ያቋረጠችውን ፈተና ካልወሰደች አንዱም በር አይከፈትም። በግል ተፈታኝ ሆና ልትመዘገብ ትችላለች። እስከ ፌብሯሪ ሃያ አንድ።»

«ንገራት» አለኝ።

«ለእኔ አትመልስም።»

«ለእኔም አትመልስም» አለ። «አንተ ግን መጻፍ ታውቃለህ። ጽፈህ ነው ያባረርካት።» ይህን ያለው በክፋት አይደለም፤ አየሩ ቀዝቅዟል እንደሚል ሰው ነው።

ልወርድ ስል ከቁልፎቹ መካከል አንዲት ትንሽ የናስ ቁልፍ ፈልቅቆ ሰጠኝ። «ይህች ለትንሽ ጊዜ አንተ ጋ ትቆይልኝ።»

«የምንድን ናት?»

«የቁም ሳጥን።»

እኔ ገጠር ነው ያደግኩት። በእርሻ ቤት ውስጥ ሰው የሚቆልፈው ቁም ሳጥን አንድ ብቻ ነው፤ ከኩሽናው በር ጀርባ ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረው፣ የብረቱ። ውስጡ ያለው የቀበሮ ጠመንጃ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። በዚህ አገር የተባልኩትን ሁሉ እንደተባለ ስወስድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ጠዋት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልወሰድኩም። ቁልፏን በደረት ኪሴ አድርጌ ቀጥታ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ፤ ጎረቤታችሁንም አነጋገርኩ። ጠመንጃው በማግስቱ ከቤቱ ወጥቷል። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እሄዳለሁ፤ የበግ አያያዝ አስተምረኝ ብዬው ነው፤ ተማሪነቴ እንደማይረባ ነግሮኛል። አርባ እናት በጎች ሸጧል። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ማን ያዋልዳቸዋል?» አለኝ። ትናንት የመውለጃው በረት ተከፍቶ አገኘሁት፤ እሱ በር ክፍት የሚተው ሰው አይደለም። ገለባም አልተነጠፈም።

ይህን የምጽፍልሽ ላስፈራሽ አይደለም። የለም፣ ላስፈራሽ ነው። የእንግሊዞቹን አነጋገር ለምጄ ነው እንጂ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፤ ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ይህን ላለመጻፍ የሄድኩበት ዙሪያ ጥምጥም ነው። የዚያን ቀን የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም። ቅጹ የጠየቀኝ በጁን ምን ታመጫለሽ ብሎ ነው። እኔ የጻፍኩት በኦክቶበር ምን ነበርሽ የሚለውን ነው። ወይዘሮ ጋርሳይድ ከልባችሁ የምታምኑትን አለች፤ እሷ ከልቧ ትበለው አትበለው አላውቅም፣ እኔ ግን ቃሏን እንኳ አላከበርኩም። ከልቤ የማምነው ኤ ነበር። ቀለም አይታ ልክ የምትናገር ልጅ በስምንት ወር ውስጥ ማባዛት አትለምድም ብሎ የሚያምን ሞኝ የለም። ለምን አልጻፍኩም? ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ስለ ልጅ ያለኝን እምነት ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ሲጠይቁኝ ፈራሁ። ብሳሳትስ አልኩ። ለራሴ ስም ፈርቼ ያደረግኩትን ሐቀኝነት አልኩት፤ አራት በር የዘጋብሽም ያ ነው። እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ። አባትሽ ያን ቀን ከዚያች ትንሽ ወንበር ሲነሣ ይህን ብነግረው ኖሮ ይሻል ነበር።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህን ነው። ወደ ቤትሽ ነይ። «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ለአባትሽ ላኪለት፤ መስመሩን አስምሮ ነው የሚጠብቀው። ምዝገባውን እኔ እጨርሳለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ኩሽናችሁ ውስጥ አስጠናሻለሁ፤ በዐሥር የምትሳሳቺበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ከዚያ የፈለግሽውን አገር ምረጪ፤ ሁሉንም አንብቤልሻለሁ። አሁን ማንም ከጠየቀኝ ምን እንደምጽፍ አውቃለሁ።

ለምዝገባው የድሮ የፈተና ቁጥርሽ ያስፈልጋል። ወይዘሮ ጋርሳይድ ጡረታ ስለወጣች የፋይል ክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ዘንድሮ ቁልፍ በዝቶልኛል። ነገ ጠዋት ቁጥሩን ከፋይልሽ አውጥቼ እዚሁ ከታች እጽፍልሽና እልከዋለሁ።

በደለኛሽ እና አሁንም መምህርሽ፣
ፊንታን ቲርኒ

ሰኞ ጠዋት፣ ከፋይል ክፍሉ። ቁጥርሽ 7046 ነው። የእኔ ዝርዝር ከኋላ ተያይዟል፤ ቢዋ በወይዘሮ ጋርሳይድ እርሳስ ተሰርዛለች። ከፊት ያለው ኦክቶበር 14 ለአራቱም ዩኒቨርሲቲዎች የተላከው ቅጽ ነው። ከኬሚስትሪ አጠገብ የተጻፈው ኤ ነው።